የጓሮ ሒሳብ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር የሚያደርገውን ትግል ለመመርመር ሩቅ መጓዝ አያሻም። በኮልፌ ቀራንዮ ከቤቴ ጀርባ ያለችው፣ ርዝመቷ ከአሥር እርምጃ የማይበልጥ ጓሮ ለዚህ ትበቃለች። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሁለት መደብ ድንች፣ በአጥሩ ሥር ጤና አዳም፣ በጥጉ ደግሞ አንድ እግር እንሰት አሉባት። የእንሰቱን ችግኝ የሰጡኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው። «ይኸ ተክል አይቸኩልም፤ አንተም አትቸኩልበት» ነበር ያሉኝ።

ጓሮ አንድ ዓመት ታጠግባለች፣ አንድ ዓመት ታሳፍራለች። በአንድ ክረምት ቆስጣው ለጎረቤት ሁሉ ተርፎ ነበር። በተከታዩ ግን የሐምሌ በረዶ ቅጠሉን እንደ ወንፊት በሳሳው፤ ድንቹም በሽታ ገብቶበት በሳምንት ውስጥ ጠቁሮ ቀረ። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 እንደሆነ ይነገራል። በአየርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ይኸው ተክል በበሽታ ሲጠፋ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረኃብና ረኃብ በወለደው ደዌ አልቋል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የእኔ ኪሳራ የጥቂት ሳምንት ወጥ ነው። ሆኖም ትንሽ ኪሳራም ሰውን ይፈትናል።

ፈተናው የመጣው በመጋቢት ነው። የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ የቧንቧው ውሃም በፈረቃ ሆኖ ከመጠጥና ከማብሰያ አልተረፈም። ጎመኑ ጠወለገ። ከሠፈራችን በታች ግን ከወጨጫ ተራራ ተነሥቶ፣ የከተማውን ምዕራብ አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ በጋ ከክረምት ይፈሳል። ሦስት ምሽት በጄሪካን እየቀዳሁ አጠጣሁ። ጎመኑ ቀና አለ፤ እኔም እንደ ድል አድራጊ ቆሜ አየሁት።

በአራተኛው ቀን እማማ ለጾሙ የሚሆን ጥቂት ቅጠል ሊጠይቁኝ መጡ። ቢላዋውን ይዤ ከመደቡ ፊት ቆምሁ። ወንዙ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚሸከም አውቃለሁ። ፍስሐ ኢታና የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ጎጂ ብረቶችን እንደሚያከማቹ፣ ሰላጣና ቆስጣም ከጥቅል ጎመን ይበልጥ እንደሚይዙ አመልክተዋል። ይህን አንብቤያለሁ፤ አንብቤም አጠጥቻለሁ። እውነቱን ነገርኋቸው። እማማም «ታዲያ ለራስህስ ልትበላው ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄው እነሆ፦ የልፋትን ፍሬ ለማዳን ማንኛውም መንገድ የተፈቀደ ነውን? አይደለም እላለሁ። በረዶ የወሰደብኝ ቆስጣ ያጎደለው እኔን ነው፤ ኪሳራው ግልጽ ነው፣ ባለቤቱም ይታወቃል። በፍሳሽ የዳነው ጎመን ግን ኪሳራዬን ከጓሮዬ አንሥቶ ወደ በላተኛው አካል ያሸጋግራል፤ በላተኛውም ሳያውቅ ይከፍላል። ስለሆነም ትርፍ የመሰለን ነገር ዕዳው በሌላ ሰው ቤት የተጻፈ እንዳይሆን አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል።

ይህን ማለቴ በወንዙ ዳር በአትክልት የሚተዳደረውን ገበሬ ለመውቀስ አይደለም። የእኔ ጎመን ቢደርቅ ከገበያ እገዛለሁ፤ የእርሱ ልጆች እንጀራ ግን ከዚያው ውሃ የሚገኝ ነው። እንግዲህ ተጠያቂነቱ በአትክልተኛው ላይ የሚያበቃ ሳይሆን፣ ከላይ ሆኖ ፍሳሹን ወደሚለቅቀውና እያየ ዝም ወደሚለው ሁሉ የሚወጣ ነው። ዝም ካልነው አንዱ እኔ ነበርሁ።

ጎመኑን ነቀልሁት። መደቡ እስከ ክረምት ባዶውን ቆየ፤ ባዶነቱን ማየት መጀመሪያ ከበደኝ፤ በኋላ ግን ለመድሁት። አትክልተኛ የሚለቅመውን ብቻ ሳይሆን የሚያጣውንም የራሱ አድርጎ መቀበል አለበት። በጥጉ ያለው እንሰት ያንን ድርቅ ተቋቁሞ ዘልቋል። ለመብል ለመድረስ ገና ዓመታት ይቀሩታል። እማማ በአጥሩ ሲያልፉ ያዩትና «ደህና ነው» ይሉኛል።