በመንገድ ላይ የቀረ ድንጋይ



ሰው በችግር ውስጥ ሳለ የሚሠራው ሥራ እንደሚመዘን ሁሉ፥ ከችግሩ ከወጣ በኋላ የሚሠራውም ይመዘናል። እኛ ግን አብዝተን የምንናገረው ስለ ፊተኛው ነው። የተጨነቀ ሰው ይታገሥ፥ ተስፋ አይቁረጥ፥ በጸሎት ይጽና እንላለን፤ ይህም መልካም ምክር ነው። ጭንቀቱ ካለፈ በኋላ ግን፥ በዚያች ሰዓት ለራሴ መዳኛ ብዬ ያደረግሁት ነገር በሌላው ላይ ምን አስከተለ ብሎ ወደ ኋላ የሚመለከት ጥቂት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጭንቀት ሰውን ከግዴታው ነጻ ያወጣዋልን? ነጻ የሚያወጣው ከሆነስ እስከ መቼ ድረስ ነው? ይህን ጥያቄ በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ልመረምረው እወዳለሁ። ነገሩ በመንገድ ላይ የመኪና መበላሸት ነው፤ ተራ ነገር ቢመስልም የተማርሁበት ትምህርት ተራ አይደለም።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄደው ዋና መንገድ ሐሙሲትን አልፎ፥ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ፥ ወደ ፎገራ ሜዳ ይገባል። በዚያም ወረታ ትገኛለች። ከወረታ አንደኛው መንገድ የርብን ወንዝ ተሻግሮ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው፥ አስቀድሞ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራው፥ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይወጣል። ወደ ላሊበላ የሚሳለመውም ብዙ ምእመን በዚሁ ያልፋል። ስለዚህ መንገዱ ዓመቱን ሙሉ ሥራ የሚበዛበት ነው፤ በገናና በጥምቀት ሰሞን ግን የጭነት መኪናው፥ አውቶቡሱ፥ ባጃጁ፥ ጋሪው፥ የከብት መንጋውና እግረኛው በአንድነት ይጋፉበታል። ፎገራ በጣና ዳር የተዘረጋ ዝቅተኛ ሜዳ ስለ ሆነ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ ማፈናቀሉ ይታወሳል። ውሃው ለሩዝ ዘሪው በረከት ነው፤ ለመንገድ ሠሪው ግን አስቸጋሪ በመሆኑ መንገዱ ከማሳው ከፍ ብሎ የሚያልፍበት ቦታ አለ። በእንደዚህ ያለ ቦታ መኪና ቢበላሽ ገለል የሚልበት ዳር የለውም፤ ባለበት ይቆማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በጥር 10 ቀን፥ በከተራ ዕለት፥ አሥራ ሁለት ሰዎች ሆነን አንድ ሚኒባስ ተከራይተን ለጥምቀት ወደ ጎንደር እንጓዝ ነበር። ጉማራን ተሻግረን ወረታ ሳንደርስ፥ ከጧቱ 4 ሰዓት ሲሆን፥ የሞተሩ ቺንጊያ ተበጠሰ። ቺንጊያው ከተበጠሰ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዘዋውረው ፓምፕ አይዞርም፤ ሞተሩም ወዲያው ይግላል። ከፊት ነጭ እንፋሎት ተነሣ፤ ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ በመንገዱ ላይ እንዳለ አቆመው። ረዳቱ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ለማስጠንቀቅ ድንጋይ ፍለጋ ወረደ። የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ስለ ሆነ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝበትም፤ ነገር ግን ከመንገዱ ዳር ተከማችቶ የተቀመጠ ጥቂት ድንጋይ አገኘ። ማን እንዳከማቸው የጠየቀ ከእኛ መካከል አንድም አልነበረም። ረዳቱ ድንጋዩን ተሸክሞ ከመኪናው በስተኋላ እያራራቀ ደረደረው፤ የዛፍ ቅርንጫፍም ጨመረበት። ከዚህ በኋላ ባጃጅ ለምኖ ቺንጊያ ሊገዛ ወደ ወረታ ሄደ።

እኛም ሦስት ሰዓት ያህል ቆየን። በዚያ የሚደርሰውን የልብ ጭንቀት ያየ ያውቀዋል። ባለ ተሳቢው የጭነት መኪና በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ሚኒባሱን ያወዛውዘዋል። ሴቶቹ ሕፃናቱን ይዘው ወደ ማሳው ዳር ወረዱ። አንዱ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ሌላው በመስኮት ብቅ ብሎ ይሳደባል። እኔም በመንገዱ ጠርዝ ቆሜ ሳይቆሙ የሚያልፉትን መኪናዎች እቈጥር ጀመር። በመስተዋታቸው ላይ የቅዱሳን ሥዕል የለጠፉትን ደግሞ ለብቻ ቈጠርኋቸው። በኢያሪኮ መንገድ የተደበደበውን ሰው አይተው ገለል ብለው ስላለፉት ካህንና ሌዋዊ የተጻፈውን አስታወስሁ፤ በልቤም በሁሉም ላይ ፈረድሁባቸው። አንድ አረጋዊ ገበሬ ብቻ ከሽንኩርት ማሳው ወጥቶ በጀሪካን ውሃ አመጣልን። «አይዟችሁ ልጆቼ፥ ይህስ ያልፋል» ብሎ ውሃውን አስቀምጦ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ረዳቱ ቺንጊያውን ይዞ መጣ፤ ታሰረ፤ ውሃው ተሞላ፤ ሞተሩም ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ታቦታቱ ሳይወጡ እንደርሳለን እየተባባልን ተሳፍረን ሄድን። የርብን ድልድይ በምንሻገርበት ጊዜ ነው ድንጋዩ ትዝ ያለኝ። አንድም ሰው አላነሣውም። ልናገር አሰብሁ፤ ነገር ግን ዝም አልሁ። ሰዓቱ ሄዷል፤ የሰዎቹን ደስታ ማደፍረስ አይገባም፤ ድንጋዩን ያስቀመጠው ረዳቱ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ደግሞም ሌላ መንገደኛ ያነሣዋል ብዬ ለራሴ አራት ምክንያት ሰጠሁት። ሌሊቱን በጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ስቆም ግን አራቱም ምክንያቶች ጥለውኝ ሄዱ። በጨለማ በዚያ መንገድ የሚመጣ ሰው ብቻ ይታየኝ ነበር።

በጥር 12 ቀን ስንመለስ ሾፌሩን ለምኜ ከቦታው ትንሽ አለፍ ብሎ ሰፋ ካለው ዳር አስቆምሁት። በመንገዱ ላይ ድንጋይ አልነበረም፤ እንደ ቀድሞው ከዳር ተከማችቶ ተቀምጧል። አረጋዊው ሰው በማሳቸው ውስጥ ነበሩ። ሄጄ ሰላምታ ሰጠሁና፥ «አባቴ፥ ከትናንት ወዲያ ውሃ ያመጡልን እኛ ነን፤ ድንጋዩን በመንገድ ላይ ትተን ሄድን» አልኋቸው።

«ዐወቅሁህ ልጄ» አሉ። «ምስጋናችሁን ከዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ድንጋያችሁን ግን እኔ አነሣሁት።»

ቀጥሎም ነገሩን ነገሩኝ። የልጃቸው ልጅ አንድ ቀን ከወረታ ገበያ በብስክሌት ሲመለስ መሸበት፤ ሌላ መንገደኛ ትቶት በሄደው ድንጋይ ተሰናክሎ ወደቀ፤ እስከ ዛሬም አንድ እግሩን ያነክሳል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከማሳቸው ሲወጡ መንገዱን ሳያዩ ወደ ቤት አይገቡም። እኔም፥ «እንዲህ የጎዳችሁን ድንጋይ ስለ ምን አርቀው አይጥሉትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፥ «ነገ ደግሞ ሌላው ሲበላሽበት ከየት ያመጣል? ይህ ሜዳ ድንጋይ የለውም» ብለው መለሱልኝ።

ወንድሞቼ ሆይ፥ ከዚህ በኋላ ሁለት የኦሪት ሕጎችን ጎን ለጎን አድርጌ መመልከት ጀመርሁ። አንደኛው የአህያው ሕግ ነው። የወንድምህ አህያ ወይም በሬ በመንገድ ወድቆ ብታይ አንሣው እንጂ አይተህ እንዳላየ አትሁን ይላል፤ የሚጠላህ ሰው አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ቢወድቅ እንድትረዳው ያዝዛል። መኪና ባልነበረበት ዘመን ስለ መንገድ ብልሽት የተሰጠ ሕግ ይህ ነው። ሁለተኛው የጉድጓዱ ሕግ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የሄደ ሰው፥ የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን እንዲከፍል ያዝዛል። ልብ በሉ፤ ጉድጓድ መቆፈር በደል ነው አላለም። ውሃ የሚሻ ሰው ይቆፍራል። ባለዕዳ የሚሆነው ሳይከድን በመሄዱ ነው። እኔ በመንገድ ዳር ቆሜ በአላፊው ሁሉ ላይ የአህያውን ሕግ ስጠቅስ ዋልሁ፤ ልሄድ ስነሣ ግን በራሴ ላይ የተጻፈውን የጉድጓዱን ሕግ ረሳሁ። ደግሞም ካለፉት መካከል ስንቱ ሊረዳን ወድዶ፥ መቆሚያ ዳር ስላጣ ብቻ እንዳለፈ እኔ አላውቅም። ያላነሣሁትን ድንጋይ ግን ዐውቃለሁ።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ እንፈልግ። በጭንቀት ሰዓት ድንጋይን በመንገድ ላይ ማኖር በደል አይደለም፤ የራስን ሕይወትና ከኋላ የሚመጣውንም ሰው ሕይወት መጠበቅ ነው። ጭንቀት ይህን ያህል ይፈቅዳል። ነገር ግን ፈቃዱ ከጭንቀቱ ጋር ያልቃል። ሞተሩ በተነሣባት ደቂቃ ድንጋዩ ጠባቂ መሆኑ ቀርቶ መሰናክል ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ የተለወጠው የእኛ ሁኔታ ነው። ስለ ሆነም ጭንቀት ግዴታን ያዘገየዋል እንጂ አይሰርዘውም፤ መዳን ደግሞ የግዴታ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያው ነው።

ምናልባት አንድ ሰው፥ ድንጋዩን ያኖረ እርሱ ያንሣው ይል ይሆናል። ነገር ግን አሥራ ሁለታችንም በዚያ ድንጋይ ተጠብቀናል። በጥበቃው የተካፈለ በዕዳውም ይካፈላል። ሌላው ደግሞ ሰው በደስታ ጊዜ ቢረሳ አይፈረድበትም ይላል። እውነት ነው፥ መርሳት የሰው ጠባይ ነው፤ እኔ ግን በርብ ድልድይ ላይ አስታውሼ ዝም አልሁ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መርሳት ሊባል አይችልም። ሦስተኛው፥ ሌላ ሰው ያነሣዋል ይላል። አዎን፥ አነሣው፤ ያነሣው ግን የልጅ ልጁ የሚያነክስበት ሰው ነው። እኛ ለማንሣት የሰነፍነውን ሸክም ብዙ ጊዜ የሚሸከመው አስቀድሞ በዚያው ሸክም የተጎዳው ነው።

ዛሬ አስተዋይ ሾፌር የሚያንጸባርቅ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን በመኪናው ይይዛል። ይህ ዕቃ ከድንጋይ የሚበልጠው በሌሊት ስለሚታይ ብቻ አይደለም፤ በገንዘብ የተገዛ ስለ ሆነ ባለቤቱ ትቶት አይሄድም። ድንጋዩ ግን የማንም ስላልሆነ ይረሳል። ከዚህም የሰውን ልብ እንማራለን፤ የራሱን ንብረት ሲያነሣ ፈጣን ነው፤ በወንድሙ መንገድ ላይ የጣለውን ሲያነሣ ግን ዘገምተኛ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በክፍያ በሚያገለግለው፥ 85 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ መኪናው እንደ ንፋስ ያልፋል፤ በእንደዚያ ያለ ጎዳና መኪናው የተበላሸበት ሰው ወደ ዳሩ መውጣት፥ ሰዎቹንም ከመኪናው አውርዶ ከመንገዱ ማራቅ ይገባዋል። እንደዚያ ባለ ፍጥነት በጎዳናው መካከል የቀረ አንድ ድንጋይ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ነገር ግን ድንጋይ የሚቀረው በአስፋልት ላይ ብቻ አይደለም። ሰው በታመመ ጊዜ አስታማሚውን በክፉ ቃል ይናገራል፤ ሲድን ስለ ጤንነቱ ያመሰግናል፤ ቃሉ ግን በአስታማሚው ልብ ውስጥ እንደ ተጋደመ ይቀራል። በችግሩ ቀን የተበደረ ሰው ሲያልፍለት፥ ያበደረው ሰው በተራው መቸገሩን አይጠይቅም። በፍርሃት ሰዓት ጎረቤቱን የጠረጠረ፥ ፍርሃቱ ሐሰት መሆኑ ሲገለጥ ጥርጣሬውን ከሰው አፍ ለማንሣት አይመለስም። እነዚህ ሁሉ በጭንቀት ጊዜ የተደረደሩ ድንጋዮች ናቸው፤ በጨለማ የሚመጣው ሰው ይሰናከልባቸዋል።

ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ ሆይ፥ እግዚአብሔር ከጭንቀት ባወጣን ጊዜ ምስጋናችንን ከማቅረባችን ጋር ወደ ኋላችን እንመልከት። ያኖርነውን እናንሣ፤ አንሥተንም ወደ ገደል አንወርውረው፥ እንደ ፎገራው አረጋዊ ከዳር እናስቀምጠው፤ ነገ ለሚቸገረው ያስፈልገዋልና። ድንጋዩ በመካከል ሲሆን ያሰናክላል፤ በዳር ሲሆን ይረዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው፤ ያንን ጥቂት እርምጃ ተመልሶ መሄድ ግን የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው።