የአያቱ ገንዘብና የልጁ ሽልማት

 

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተጻፈውን የዐሥሩን ለምጻሞች ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዐሥሩም ነጹ፤ ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንድ ብቻ ነበረ፣ እርሱም ሳምራዊ። ዘጠኙ ክፉዎች ነበሩ ተብሎ አልተጻፈም። ምናልባት ደስታው አጣድፏቸው ይሆናል፤ ቤተ ዘመድ እንዲያያቸው ሮጠው ይሆናል። እኔ ግን ስለ ዘጠኙ ባሰብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የትምህርት ቤት የሽልማት ቀን ነው። ምክንያቱን በኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ የአንድ የፊልም ተማሪን ነገር ላጫውታችሁ።

ፊልም ሲባል ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ እንዳሉ አውቃለሁ። ሲኒማ ሁሉ የኃጢአት ደጅ ነው እየተባልን ያደግን ጥቂት አይደለንም። ቢሆንም ታገሡኝ።

ሰውየው ስፓይክ ሊ ይባላል፤ በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ሰፈር ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አትላንታ በሚገኘው በሞርሃውስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሥራ ፈልጎ ቢያጣ በአንዲት ትንሽ ሱፐር ኤይት ካሜራ የሰፈሩን ሰው እየዞረ ያነሣ ጀመር። በዚያው ልቡ ተያዘ። ከኮሌጁ እንደ ተመረቀም በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርቱን ቀጠለ።

የመመረቂያ ሥራው በብሩክሊን ስላለ አንድ ፀጉር ቤት የሚናገር የአንድ ሰዓት ፊልም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ባልደረባው በወንበዴዎች ይገደልበታል፤ ቤቱንም ብቻውን ይረከባል። በመቀስና በማበጠሪያ ብቻ ልኑር ቢል ገበያው ይቀዘቅዝበታል። ቀድሞ በዚያው ቤት ተሸሽጎ ይካሄድ የነበረው ቁማር ተመልሶ ይግባ ወይስ አይግባ? ወጣቶች ሆይ! ይህን ዓይነት ጥያቄ የሚያነሣው ሰባኪ ብቻ ይመስለን ነበር፤ እነሆ አንድ ተማሪ ለመምህራኑ በሚያቀርበው ሥራ ላይ አነሣው። ሥራውም የእርሱ ብቻ አልነበረም። ካሜራውን የያዘው ኧርነስት ዲከርሰን፣ ረዳት ሆኖ የሠራው ከታይዋን የመጣው አንግ ሊ፣ ሁለቱም አብረውት የሚማሩ ነበሩ። ሙዚቃውን ያዘጋጀው አባቱ ቢል ሊ ነው።

ኦስካርን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ከ1972 ወዲህ ለተማሪዎች ሥራ ለብቻው ያቋቋመው ሽልማት አለ። በ1983 ስፓይክ ሊ በዚህ ፊልም ያን ሽልማት አገኘ። በማግሥቱ በር ሁሉ የተከፈተለት ይመስላችሁ ይሆናል። አልተከፈተለትም። ፊልም በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የፊልም ጥቅል እያጸዳና እያሸገ ይልክ ነበር። በ1984 ሊሠራ የጀመረው ፊልም ገንዘብ አጥቶ ቀረ። በ1985 በ12 ቀናት ውስጥ ያነሣው ሌላ ፊልም በዓመቱ ሲታይ ነው ስሙ የተሰማ።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ትምህርት የከፈለው ማን ነበር? አያቱ ናቸው። ዚሚ ሼልተን ይባላሉ፤ የሥዕል መምህርት ነበሩ። የእኚህ ሴት እናት በባርነት የኖሩ ናቸው። ልጃቸው ግን ኮሌጅ ገብተው ተመረቁ፤ ዕድሜያቸውም 100 ዓመት ደረሰ። በየካቲት 2019 ስፓይክ ሊ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በጻፈው ድርሰት ኦስካር ሲቀበል፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው መድረክ ላይ የአያቱን ነገር አነሣ። የጡረታ ቼካቸውን ለ50 ዓመት አጠራቅመው ሞርሃውስንም ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲንም ያስተማሩት እርሳቸው እንደ ሆኑ ተናገረ። በልጅነቱ ያቆላምጡት የነበረበትን ስም እንኳ ሳይደብቅ ነገረን። ከተማሪነት ሽልማቱ 36 ዓመት አልፎ ነበር፤ አያቱም በሕይወት አልነበሩም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት መጀመሪያ ላይ የአያቱን የሎይድን ስም ማንሣቱ ከዚህ በፊት እንዲሁ ያለፍሁት ነገር ነበር። ሐዋርያው በእስር ቤት ሆኖ ሲጽፍ አንዲት አሮጊት ለምን ትዝ አሉት? እስቲ አስቡት።

አሁን የራሴን ልናገር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ስሜ ተጠርቶ ሰርተፍኬትና አንድ መዝገበ ቃላት ተሸለምሁ። እናቴ ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። ያን ቀን ነጠላዋን አጥባ፣ በጊዜ መጥታ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ጢስ ከልብስ ቶሎ አይለቅም። አንድ መምህር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ወላጅ መጥቶልሃል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም፤ ሥራ ይዟቸው ነው» አልኋቸው።

እናቴ ከእኛ ሁለት ሜትር እንኳ አትርቅም ነበር። ሰምታኝ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ማታ ቤት ስገባ ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ ጎረቤቱንም ሁሉ ጠርታ ነበር። ሰርተፍኬቱን በእጇ እየዳሰሰች ለእያንዳንዱ ሰው አሳየች፤ አንዳንዴም ገልብጣ ትይዘው ነበር። እኔ በልቼ ተኛሁ።

ያለፈው እሑድ ለሕፃናት ክፍል የዐሥሩን ለምጻሞች ታሪክ አስተምር ተብዬ ቆሜ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ «ዘጠኙ በኋላም ተመልሰው አልመጡም?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንጌሉ ስለዚያ አይናገርም አልኋት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለኝም።

ይህን ጽሑፍ ለማባዣ ክፍሉ ከመስጠቴ በፊት ዛሬ ማታ ይዤው ወደ ቤት እሄዳለሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለ ፀጉር ቤቱም፣ ስለ አሜሪካዊቱ አያትም፣ ስለዚያ ቀንም የጻፍሁትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔው አነብላታለሁ።