ያየ ይነሳ

በኬንያው ማሳይ ማራ አንዲት አቦ ሸማኔ ከታየች ወሬው በሬዲዮ ይሮጣል። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ይከባታል። ቀድሞ የደረሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ አፉን ዘግቶ ሲጠብቅ ቆይቷል፤ ኋላ የመጣው ደግሞ መንገዱን ለቆ ሣሩን እየደፈጠጠ ፊቱ ይገተራል። ቀድሞ የመጣው ሰው ከዚያ በኋላ የሚታየው የሌላ ሰው ጀርባ ነው። ይናደዳል። ማንስ ቢሆን አይናደድም?

ንዴቱን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። ይኼ እኮ የቀበሌ ስኳር ሰልፍ ላይ ተራው የተነጠቀ ሰው ንዴት ነው። «ተራዬን ወሰደብኝ» ሲል፣ የምትታየዋ ለእኛ እንድትከፋፈል የቀረበች ናት ማለቱ ነው። ስኳር ደግሞ ማን እንደወሰደው ግድ የለውም። አቦ ሸማኔዋ ግን የምታበላቸው ልጆች አሏት።

ተመራማሪዋ ፌምከ ብሩክሃውስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው የማራ ጥናት እንዳሳየው፣ ቱሪስት በሚበዛበት አካባቢ የሚኖሩ እናት አቦ ሸማኔዎች ከአንድ ወሊድ በአማካይ 0.2 ግልገል ብቻ ለአቅም ሲያደርሱ፣ ቱሪስት በሚያንስበት ያሉት 2.3 አድርሰዋል። አቦ ሸማኔ በአብዛኛው በቀን ነው የምታድነው፤ ጎብኚም የሚወጣው በቀን ነው። ልብ በሉ፣ የተቆጠረው የቱሪስቱ ብዛት ነው እንጂ ጨዋነቱ አይደለም። ሞተሩን አጥፍቶ የቆመው ሰውዬም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ።

የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል ወደ ጣና እንመለስ። ሐይቁ ላይ አንበሳ የለም፣ ጉማሬ ግን አለ። ከባሕር ዳር የሚነሱ የሞተር ጀልባዎች የዘጌን ገዳማት አሳይተው ሲመለሱ በደብረ ማርያም በኩል ወደ አባይ መውጫ ጎራ ይላሉ፤ ዕድል ከቀና ጆሮና አፍንጫ ብቅ ይላል። «ትንሽ ጠጋ በል!» የሚል ድምፅ ወዲያው ይሰማል። ጀልባ ነጂው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ እሱ ግን ቤቱን የሚያስተዳድረው በዚያች ጉርሻ ነው፣ ጉርሻዋም በመጠጋት ልክ ናት። ጠጋ በል የምንለው እኛ ነን። ጉማሬው በበኩሉ ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚውለው ወዶ አይደለም፤ ቆዳው ፀሐይ አይችልም፣ ሣር የሚግጠውም ሌሊት ነው። ከዚያ ውሃ ብናስነሳው የት ይሂድ?

እዚሁ ሐይቅ ዳር የኖሩት ወይጦዎች በቀደመው ዘመን ጉማሬ ያድኑ ነበር። ጎረቤቶቻቸውም «ጉማሬ በላ» እያሉ ሲንቋቸው ኖረዋል። አደኑ ይመለስ አልልም። ነገር ግን አዳኙ አንድ ነገር እንደወሰደ ያውቅ ነበር፤ ሥጋው ፊቱ ነው፣ ደሙ እጁ ላይ ነው። እኛ ካሜራ ይዘን የመጣነው «ኧረ እኔ ምንም አልነካሁም» ብለን እንገባለን። ማየት ምንም አይወስድም የሚለው እምነት ነው የሚያስፈራኝ። የእያንዳንዳችን ድርሻ ስለማትታይ ተጠያቂ አይገኝም። «እኔ ብተወው ሌላው ይጠጋል» የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። እውነት ነው፣ ይጠጋል። የእኔን ድርሻ ግን እሱ አይሸከምልኝም።

እሺ፣ ታዲያ ማን ይቅር? ማራ ደንብ አለው፤ በአንድ አውሬ ዙሪያ ከ5 መኪና በላይ እንዳይቆም ይከለክላል። ስድስተኛው ሰውም እኮ ከፍሏል፣ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ውሏል። ብዙዎች የዘገየው ይመለስ ይላሉ። እኔ ያየው ይነሳ ባይ ነኝ። ይኼን ከፈረንጅ መማር አያሻንም፤ ልቅሶ ቤት እናውቀዋለን። ድንኳን የገባ ሰው ጥቂት ይቀመጣል፣ ሰው እየበዛ ሲመጣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ተነስቶ ቦታ ይለቃል። «ቀድሜ መጥቻለሁ» ብሎ የሚሟገት አይቼ አላውቅም። ሐዘንተኛዋንም አፍጥጦ የሚያይ የለም፤ አቀርቅሮ ነው የሚቀመጠው።

ይኼን ሁሉ የምለው በቁንዝላ ምክንያት ነው። ቁንዝላን ብዙ ሰው የሚያውቃት ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ የሚያድርባት ወደብ ሆና ነው። ነገር ግን ከእሷ ወደ ምዕራብ በሻሁራ አልፎ ቋራ፣ ገለጎ የሚያደርሰው መንገድ መጨረሻው ላይ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የተያያዘ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአልጣሽ አንበሶች ምስል በወጥመድ ካሜራ ተቀርጾ፣ ዱካቸውም ተገኝቶ ለዓለም ተነገረ። የአካባቢው ሰው ግን ቀድሞም ያውቃቸው ነበር። ጸጥታው እንዲህ ሆኖ ዛሬ አንበሳ ሊያይ ወደዚያ የሚነዳ ብዙ የለም። አንድ ቀን ግን ይመጣል፤ ይምጣም፣ የቋራ ሰው ከአንበሳው ከብት ከማጣት ሌላ የሚያገኘው ነገር ይኑረው።

ደንቡ መነገር ያለበት ግን ሁለተኛው መኪና ሳይደርስ ነው። አስጎብኚው የሚከፈለው በመጠጋት ሳይሆን በቀኑ ይሁን፤ እንግዳውም ይኼን ከመሳፈሩ በፊት ይስማ። አንበሳው ፊት መቆያው ሃያ ደቂቃ ይበቃል ባይ ነኝ። ሌላው አሥር ይል ይሆናል፤ በዚያ መከራከር እንችላለን።