ሳይዘጋ ያደረ ጉሮሮ

«ፈጣሪ የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም።» ሰሞኑን ለቅሶ ቤት አንድ አዛውንት እንዲህ አሉ። ሟቿ ትንንሽ ልጆች ትታ ያለፈች እናት ስለነበረች፣ ቤተ ዘመዱን ለማጽናናት ነው። ከወዲያ ጥግ የተቀመጠ አንድ የወሎ ሰው ግን «በሰባ ሰባት ኮረም ላይ ስንቱ ጉሮሮ ክፍቱን አደረ፣ አባቴ?» አላቸው። አዛውንቱ መልስ አልሰጡም።

እኔ ተረቱን እወደዋለሁ። ስንት ድሃ እናት ባዶ ሞሰብ ከድና እንቅልፍ የወሰዳት በእሱ ነው። የሚያስቸግረው ከማጽናኛነት አልፎ ማስረጃ ሲሆን ነው። እግዚአብሔር እንዳለ በምን አወቅህ ሲባል፣ ይኸው አብልቶ አሳደረኝ ማለት ይመጣል። እምነት እራት ላይ ከቆመ ደግሞ እራት የጠፋ ለት አብሮ ይወድቃል።

ለተረቱ ጥብቅና የሚቆም ሰው ጥፋቱን ወደ ሰው ያዞረዋል፤ ደግሞም ምክንያት አለው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ ከሰባ ሰባቱ በፊት በነበረው ረሃብ ወሎ ሲራብ እህል ከዚያው ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደነበር ጽፏል። የወሎ ገበሬ እህል የሚገዛበት አቅም ነበር ያጣው። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ መስከረም ላይ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ አከበረ፤ በጥቅምት የኮረምን ረሃብተኞች ዓለም በቢቢሲ አየ። እግዜር የሰጠውን ሰው ከለከለ ቢባል ሐሰት አይደለም።

ግን ይህ መልስ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቀራል። ዝናቡን ያስቀረው ደርግ አይደለም። በ1880ዎቹ «ክፉ ቀን» በተባለው ረሃብ የገበሬው በሬ በከብት ደስታ በሽታ ሲያልቅ፣ በላዩ ድርቅና አንበጣ ሲጨመርበት፣ ያን ሁሉ በምኒልክ ሹማምንት ማሳበብ አይቻልም። በእናቱ ጀርባ ላይ የሞተው ሕፃን የማንን ነፃ ፈቃድ በደል ከፈለ? ይህን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋ ሰባኪ ስሰማ ጥርጣሬዬ ይብሳል።

የሚገርመኝ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ከተረቱ ጋር አለመስማማቱ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ተረት አዋቂዎች ነበሩ፤ ጻድቅ አይጎዳም እያሉ ቁስለኛውን ሰው ወጥረው ያዙት። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው፤ ቀና ነገር ተናገረ የተባለው ሲያማርር የከረመው ኢዮብ ነው። በየማለዳው ዳዊት የሚደግሙ አባቶቻችንም፣ ልብ ብለው ከሰሙት፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ የሚል እሮሮ ነው የሚደግሙት።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ በእግዚአብሔር ማመን ምክንያት ይኖረዋል? አዎ እላለሁ፤ ምክንያቱ ግን ከሞሰቡ ውስጥ አይገኝም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ነገሩን ሁሉ በትንሣኤ ላይ ጣለው፦ ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ነው አላቸው፤ አየነው የሚሉ ምስክሮችንም ጠራ፣ አብዛኞቹ ገና በሕይወት እንዳሉ ጨምሮ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ እንዲህ እንወድቃለን ብሎ ቦታውን የሚያሳይ እምነት ለምርመራ ራሱን ሰጥቷል። የተረቱ እምነት ይህ ድፍረት የለውም። የበላ ሲኖር ይኸው ይላል፤ ያልበላው ደግሞ ሞቶ አይመሰክርበትም።

ሌላም አለ። ያ የወሎ ሰው የተቆጣው ኮረም ላይ የሆነው ሊሆን የማይገባው ስለነበር ነው። ዓለም ባለቤት ከሌላት ረሃብ የአየር ጠባይና የገበያ ጉዳይ ብቻ ነው፤ «አይገባም» የምንለው በማን ላይ ነው? የማያምን ሰው ርኅራኄ ከሰውነታችን የበቀለ ነው ብሎ ሊመልስልኝ ይችላል፤ ክርክሩን በዚህ አሸነፍሁ አልልም። ቁጣውን ግን ከእምነት ጠላቶች ወገን አልቆጥረውም።

ተረቱን መጣል ስላልሆነልኝ አፉን አዙሬዋለሁ። ስለ ፈጣሪ ለሰው መናገሩን ትቼ ለራሱ ለፈጣሪ እለዋለሁ፦ የከፈትኸውን ጉሮሮ ሳትዘጋው አትደር። እንዲህ ሲባል አቤቱታ ነው፤ ያልበላ ሰው አጠገብ ተቀምጦም ማለት ይቻላል።