የሌላውን ሃይማኖት ስለ መመርመር

ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ዓለም ሃይማኖቶች የሰሙትን ይዘው ሲጠይቁን፥ አንዳንዶቻችን ጥያቄውን ራሱን እንደ ክሕደት ቈጥረን ዝም እናሰኛቸዋለን። ዝም የተሰኘ ልጅ ግን መጠየቁን አይተውም፤ የሚጠይቀውን ሰው ይለውጣል እንጂ። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ጠባይ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልንገልጥ ወደድን።

ትምህርቱ ሁለት ወገን አለው። የሃይማኖት ታሪክ አንድ ሕዝብ ምን እንደሚያምን፥ እንዴት እንደሚጸልይ፥ መጻሕፍቱም ከየት እንደ መጡ ይመረምራል። የሃይማኖት ፍልስፍና ግን የሚታመነው ነገር እውነት ነውን? የእግዚአብሔር ህልውና በምን ይታወቃል? ፈጣሪ ቸር ሲሆን መከራ ስለ ምን መጣ? እያለ ይጠይቃል። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው የአንድን ነገር ምንጭ ባወቀ ጊዜ ሐሰትነቱንም ያወቀ ይመስለዋል። የብዙ ተማሪዎች እምነት የሚናወጠው በዚህ ይመስለናል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ ዕንባቆም ትውልዳቸው ከየመን ሲሆን፥ ከእስልምና ወደ ክርስትና የመጡ ሊቅ ነበሩ። ግራኝ የተባለው አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጥል በነበረበት ዘመን፥ አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ለእርሱ ሲጽፉ በሩቅ ሆነው አልነቀፉም፤ ቁርአንን ራሱን እየጠቀሱ ተከራከሩ እንጂ። የባላጋራውን መጽሐፍ ያላነበበ ሰው እንዲህ ሊጽፍ አይችልም።

እኒሁ አባት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1553 ዓ.ም. በረላም ወይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። በሕንድ አገር የነበረ አንድ ንጉሥ ልጁ ይዋስፍ ክርስቲያን እንደሚሆን በትንቢት ስለ ሰማ፥ ደዌን፥ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘጋበት። ልጁ አንድ ቀን በወጣ ጊዜ ግን በሽተኛና ሽማግሌ አየ፤ ልቡም ታወከ። መነኵሴው በረላም የከበረ ዕንቍ የያዘ ነጋዴ መስሎ ገባና ወንጌልን አስተማረው።

ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት የዚህ ታሪክ ሥር የጎታማ ቡድሃ ሕይወት ነው። ይዋስፍ የሚለው ስም እንኳ ቦዲሳትቫ ከሚለው የሕንድ ቃል የመጣ ሲሆን፥ በዐረብኛ ጽሕፈት በነጥብ ብቻ በሚለያዩ ፊደላት ምክንያት ተለወጠ። ታሪኩ በዐረቦች በኩል ወደ ጆርጅያ፥ ከዚያም ወደ ግሪክ ተሻግሮ የክርስቲያን መጽሐፍ ሆነ።

ይህን የሰማ ምእመን ቢደነግጥ አንፈርድበትም። ነገር ግን ምን ጠፋበት? ደዌና ሞት ለሕንዳዊውም ለኢትዮጵያዊውም አንድ ናቸው፤ ጥያቄውም አንድ ነው። መልሱ ግን አንድ አይደለም፤ መፈተን ያለበትም እርሱ ነው፤ ይህም የፍልስፍናው ድርሻ ነው። ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው የሚሉ ሰዎች (ቍጥራቸውም ጥቂት አይደለም) ሁለቱን ታሪኮች እስከ መጨረሻቸው ያነበቡ አይመስሉንም። ጎታማ ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወጣ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦም ፈጣሪን ሳይጠራ በራሱ ተመስጦ ከምኞት መላቀቅን መፍትሔ አደረገ። ይዋስፍ ግን የፈጠረውን አምላክ ስም ከመምህሩ ሰምቶ ተጠመቀ፤ የአባቱንም መመለስ በጸሎት ለመነ፤ አባቱም አመነ።