ከደብረ ዘይት እስከ ገብር ኄር
ስለ ዓለም ፍጻሜና ስለ ወንጌል ምስክርነት

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም 55 ቀኖች ውስጥ የሚውሉትን ስምንት እሑዶች በየስማቸው ለይታ፣ ለእያንዳንዳቸውም መዝሙር፣ ምንባብ፣ ምስባክና ቅዳሴ ስትመድብ፣ አምስተኛውን እሑድ ደብረ ዘይት፣ ስድስተኛውን ገብር ኄር ብላ ሰየመች። በደብረ ዘይት፣ ጌታችን በግርማ መለኮት ተመልሶ የሚመጣበት፣ ሙታን የሚነሡበት፣ ለሰውም ሁሉ እንደ ሥራው የሚከፈልበት ዕለት ይነገራል፤ በሳምንቱ በገብር ኄር፣ ጌታቸው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ መክሊት በአደራ የሰጣቸው የሦስት አገልጋዮች ምሳሌ ይነበባል። ስለ ዓለም ፍጻሜ የሰማ ምእመን ቀጥሎ ሊሰማው የሚገባው ነገር የአደራና የሥራ ነገር እንደሆነ፣ ይህን ሥርዓት የሠሩልን አበው በሚገባ ያወቁት ይመስለኛል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የተነሣሁት በእነዚህ በሁለቱ እሑዶች መካከል ያለውን ዝምድና ነው፤ የምጽአት ትምህርት ከምስክርነት ግዴታ ተለይቶ የቀረበ እንደሆነ ወይ ከንቱ ስሌት፣ ወይ ከንቱ ፍርሃት ሆኖ እንደሚቀር አምናለሁና።

የማቴዎስ ወንጌል 24ኛ ምዕራፍ እንደሚተርከው፣ ደቀ መዛሙርቱ የቤተ መቅደሱን ሕንጻ ግዝፈትና ውበት ለጌታ ሲያሳዩት፣ ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ሳይፈርስ በቦታው የሚቀር እንደማይኖር ነገራቸው። እነርሱም ይህን ከባድ ቃል በልባቸው ይዘው የቄድሮንን ሸለቆ ከተሻገሩ በኋላ፣ ቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት በሚታይበት በደብረ ዘይት ተራራ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ለብቻቸው ቀርበው፣ ይህ የሚሆነው መቼ እንደሆነ፣ የመምጣቱና የዓለም መጨረሻ ምልክቱም ምን እንደሆነ ጠየቁት። ከጥያቄያቸው አንዱ ክፍል ብዙ ሳይዘገይ በታሪክ ታየ፤ በ70 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሮማው የጦር አለቃ ቲቶ ኢየሩሳሌምን ከቦ በያዛት ጊዜ ያ ቤተ መቅደስ ተቃጥሎ ፈረሰ። ሁለተኛው ክፍል ግን እስከ ዛሬ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ተስፋ ሆኖ ይጠበቃል።

ጌታ መልሱን የጀመረው ዘመኑን በመንገር ሳይሆን ማንም እንዳያስታቸው በማስጠንቀቅ ነው። የጦርነት ወሬ፣ ረኃብ፣ የምድር መናወጥ፣ የሐሰተኞች ነቢያት መነሣት፣ የብዙዎችም ፍቅር መቀዝቀዝ እንደሚመጣ ሲነግራቸው፣ ጦርነቱና ረኃቡ የምጥ ጣር መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው ራሱ እንዳልሆነ አብሮ አስረዳቸው። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ነገር ለይቶ አኖረ፤ ይኸውም ለአሕዛብ ሁሉ ምስክር ይሆን ዘንድ የመንግሥቱ ወንጌል በዓለም ሁሉ እንደሚሰበክ፣ መጨረሻውም ከዚያ በኋላ እንደሚመጣ ነው። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስተውል። ረኃቡን ምእመኑ አይጠራውም፣ ምድሪቱን አያናውጣትም፣ የነገሥታትንም ጠብ አያዝዝም፤ እነዚህ ሁሉ ሳይፈልጋቸው ይደርሱበታል። ከተቈጠሩት ምልክቶች መካከል ለምእመኑ ሥራ ሆኖ የተሰጠው፣ እጁንና አንደበቱን የሚጠይቀው የወንጌል መሰበክ ብቻ ነው። እንግዲህ የዘመኑን ምልክት ለማወቅ የሚጓጓ ሰው ከሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ ይልቅ እርሱ ራሱ ድርሻ ያለውን ይህን ምልክት ቢመረምር ይገባዋል።

ይህንንም የሚያጸናው በዚያው ተራራ ላይ የሆነው ሁለተኛው ነገር ነው። ጌታ ከሙታን ተለይቶ ከተነሣ በኋላ በአርባኛው ቀን ሐዋርያት የመንግሥትን መመለስ ጊዜ ደግመው ጠየቁት፤ እርሱም ዘመኑን ማወቅ ለእነርሱ እንዳልተሰጠ፣ የተሰጣቸው ግን የመንፈስ ቅዱስ ኃይልና ከኢየሩሳሌም አንሥቶ እስከ ምድር ዳርቻ የሚደርስ ምስክርነት መሆኑን ነግሯቸው ዐረገ። ይህ የሐዋርያት ሥራ ክፍል በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበው በገብር ኄር ዕለት ነው። ስለ ጊዜ የተጠየቀው ጥያቄ ስለ ሥራ በተሰጠ ትእዛዝ ተመለሰ፤ ሐዋርያትም ይህን ከሰሙ በኋላ ዘመን ሲቈጥሩ አልተገኙም።

በየዘመኑ የተነሡ አንዳንድ ሰዎች ግን ያልተሰጣቸውን ዕውቀት ሲሹ የተሰጣቸውን ሥራ ረሱ። በሁለተኛው መቶ ዓመት በፍርግያ የተነሣው ሞንታኖስና ተከታዮቹ፣ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌም ጴፑዛ በምትባል በአገራቸው መንደር ላይ ልትወርድ ነው ብለው ሰበኩ። በአሜሪካም ዊልያም ሚለር የተባለው ሰው በትንቢተ ዳንኤል 8ኛ ምዕራፍ የተጻፈውን የ2,300 ቀን ቍጥር ወደ ዓመታት መልሶ በመቍጠር የጌታን መምጣት ስለ ተናገረ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች በመጨረሻ የተወሰነውን ቀን፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ.ን በጉጉት ጠበቁ፤ ከእነርሱም መካከል እህላቸውን ከማሳ ሳይሰበስቡ የተዉ ነበሩ። ቀኑ አለፈ፤ ሰዎቹም ከሐዘናቸው በላይ የጎረቤቶቻቸው መሳለቂያ ሆኑ። በእነዚህ ሰዎች ቅንነት ላይ መፍረድ አይገባም፤ ፍቅራቸው እውነተኛ ነበረና። ዳሩ ግን ቀን ቈርጦ መናገር የሚያመጣው ጉዳት በተናጋሪው ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ የተነገረው ቀን ባዶውን ሲያልፍ፣ ሰሚው ስሌቱን ብቻ መጣል ሲገባው ተስፋውንም አብሮ ይጥለዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ፣ የጌታ ቀን ደርሷል በሚል ወሬ እንዳይናወጡ ከመከራቸው በኋላ፣ በዚያው መልእክት ሥራ ፈትተው የሚዞሩትን እየሠሩ የራሳቸውን እንጀራ እንዲበሉ ያዘዘው በከንቱ አይደለም።

በእኛም አገር የዚህ ሕመም ሌላ መልክ አለ። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ስለሚቈጠር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1500 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ዘመን ስምንተኛው ሺህ ይባላል። ሕዝባችንም ልጅ አባቱን ሲያዋርድ፣ ወንድም ወንድሙን ሲከዳ፣ ዳኛ ፍርድ ሲያጣምም ባየ ጊዜ ስምንተኛው ሺህ ነው እያለ ያዝናል። ሐዘኑ የተገባ ነው፤ ኃጢአትን አይቶ የማያዝን ልብ ደንዝዟልና። የሚያስፈራው ግን ይህ አባባል የምክንያት መጋረጃ ሆኖ፣ የከፋውን ልጅ ከመምከር፣ የተጣሉትን ከማስታረቅ፣ ያልሰማውን ከማስተማር እጃችንን የሚያሳጥፈን እንደሆነ ነው። ሰማይ ሲጠቍር ያየ ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ያሰናዳል እንጂ የደመናውን ጥቍረት ሲያወራ አይውልም፤ የዘመን ክፋትም ለክርስቲያን የሥራ ጥሪ ሊሆንለት ይገባል።

ታዲያ ጌታ ለምን ዘገየ የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ በደብረ ዘይት የሚነበበው የቅዱስ ጴጥሮስ ሁለተኛ መልእክት መልስ አለው። ሐዋርያው በዘመኑ ለነበሩ ዘባቾች ሲመልስ፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን መሆኑን ካስታወሰ በኋላ፣ የመዘግየቱ ምክንያት ቸልተኝነት ሳይሆን አንድ ሰው እንኳ እንዳይጠፋ የሚታገሥ ትዕግሥት መሆኑን ያስተምራል። ይህ ትምህርት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የራሳችን ታሪክ ነው። ፍጻሜው በሐዋርያት ዘመን ደርሶ ቢሆን ኖሮ፣ በጋዛ መንገድ ከፊልጶስ የተጠመቀው የህንደኬ ጃንደረባ የመንገዱ የመጀመሪያም የመጨረሻም ሰው ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ቀኑ ዘገየ፤ በአራተኛውም መቶ ዓመት ከጢሮስ የመጣው ወጣት ፍሬምናጦስ ተማርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ፤ ከጊዜ በኋላም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለዚህ ሕዝብ ጳጳስ እንዲላክለት ሲለምን፣ ታላቁ አትናቴዎስ እርሱን ራሱን ሾሞ መለሰልን፤ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አልነው። በደብረ ዘይት የሚቀደሰውም በዚሁ በአትናቴዎስ ስም የሚጠራው ቅዳሴ ነው። የዓለም ፍጻሜ በሚነገርበት ዕለት፣ ወንጌል እንዲደርሰን ባደረገው አባት ስም በተሰየመው ቅዳሴ የሚጸልይ ሕዝብ፣ የጌታ ትዕግሥት ለእርሱ መዳን እንደሆነው ሁሉ ገና ላልሰማውም እንደሚሆን ሊዘነጋ አይገባውም።

ወደ ገብር ኄር ምሳሌ ስንመጣ፣ አምስትና ሁለት መክሊት የተቀበሉት ነግደው አተረፉ፤ አንድ የተቀበለው መሬት ቈፍሮ ቀበረው። ይህ ሦስተኛው አገልጋይ ገንዘቡን አልሰረቀም፣ አላባከነም፣ ጌታው እንደሚመለስም አልካደም። የጌታውን መመለስ በሚገባ ያምን ነበር፤ እንዲያውም እጅግ ይፈራው ነበር፤ ያጠፋውም በፍርሃት ተይዞ ሐኬትን እንደ ጥንቃቄ መቍጠሩ ነው። ሊቃውንት መክሊቱን በጸጋና በትምህርት ሲተረጕሙት፣ እያንዳንዱ ሰው በተሰጠው መጠን ተጠያቂ መሆኑን ያስረዳሉ። እንግዲህ ዕለተ ምጽአትን ማመን ብቻውን አያጸድቅም፤ ሐካዩም ባሪያ ያምን ነበርና።

አደራን ጠብቆ መሥራት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ምሳሌ ከቅርብ ዘመናችን ላቅርብ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ህንድን የዞረ አብርሃም የተባለ፣ አቡ ሩሚ እየተባለም የሚታወቅ የጎጃም ተወላጅ በካይሮ ይኖር ነበር። በዚያም ከፈረንሳይ መንግሥት ተወካይ ከአሰሊን ደ ሸርቪል ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ከዓረብኛ ወደ አማርኛ መመለስ ጀመረ። ማክሰኞና ቅዳሜ በደረሰ ቍጥር የቤቱ በር ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋል፤ ሁለቱ ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዱን ቍጥር በዝግታ ያነባሉ፤ የዓረብኛው ቃል በከበደ ጊዜም ፈረንሳዊው ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱንና የሰብዓ ሊቃናትን ትርጕም ተመልክቶ ያብራራለታል፤ አቡ ሩሚም በእጁ ይጽፋል። ይህ ለዐሥር ዓመት ሳይቋረጥ ቀጥሎ ከ9,000 የሚበልጥ ገጽ ተጻፈ። አቡ ሩሚ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ጽሑፉን በ1820 እ.ኤ.አ. ዊልያም ጆወት የተባለ ሰው ለብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መጽሐፉ በሙሉ በ1840 ታተሙ። አቡ ሩሚ ከሥራው አንድ የታተመ ቅጠል እንኳ አላየም። የእርሱ መክሊት የአገሩን ቋንቋ ማወቁ ነበር፤ ማክሰኞና ቅዳሜን እየጠበቀ ነገደበት፤ ትርፉን ያገኙት እርሱ ካለፈ በኋላ በእናት ቋንቋቸው ያነበቡ ሰዎች ናቸው።

የምስክርነቱ ጠባይ እንዴት መሆን እንዳለበት ደግሞ ከፊልጶስ እንማራለን። ፊልጶስ ወደ ጃንደረባው ሠረገላ በቀረበ ጊዜ የሲኦልን እሳት በመንገር አላስደነገጠውም፤ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው፣ ሲጋብዘው አብሮት ተቀመጠ፣ ከሚያነበውም ከኢሳይያስ ትንቢት ተነሥቶ ክርስቶስን አስረዳው። ፍርድ እውነት ስለሆነ ሊሰወር አይገባም፤ ሆኖም ፍርዱን ብቻ እየነገሩ ሰውን ማስደንገጥ የሐካዩን ባሪያ ፍርሃት ማባዛት ነው፤ ከፍርሃት የተወለደ እምነትም ፍርሃቱ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል። በዚያው በደብረ ዘይት ትምህርት መጨረሻ፣ በማቴዎስ 25ኛ ምዕራፍ፣ ፈራጁ የሚመረምረው የተራበውን ማብላትን፣ የታረዘውን ማልበስን፣ እንግዳውን መቀበልን፣ በሽተኛውንና እስረኛውን መጠየቅን ነው። ስለዚህ በአፉ ስለ ምጽአት የሚሰብክ ሰው በደጁ ርቦት የቆመውን የሚያልፈው ከሆነ፣ የሚመጣውን ጌታ በመንገድ ላይ አግኝቶት ሳያውቀው እንደሄደ ይቈጠርበታል።

ስለዚህ ምጽአትን የሚናፍቅ ሁሉ ራሱን የሚመዝንበት መለኪያ ቀላል ነው። ካህን ከሆነ፣ ምእመኑ የሚሰማውን ቋንቋ መርጦ ያስተምር፤ ወላጅ ከሆነ፣ ልጆቹ ከአንደበቱ ወንጌል፣ ከኑሮው ትሕትና ይማሩ፤ ነጋዴ ከሆነ፣ ሚዛኑ ስለ እምነቱ ይመስክር፤ ባዕድ አገር የሚኖር ከሆነ፣ በዚያ ያለው ጎረቤቱ በእርሱ ደግነት ክርስቶስን ይወቅ። የዘመኑን ርዝመት አብ በሥልጣኑ ይዞታል፤ ከዚያ ርዝመት ውስጥ ለእኛ የተቈረሰልን የዛሬ ቀን ነው፤ በሒሳቡ ዕለትም የምንጠየቀው በዚህ በዛሬው ቀን ስላደረግነው ነው።