ሰው ሃይማኖቱን ስለ ምን ይለውጣል?

ወንድሞች ሆይ፤ በቦንጋ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች አንድ ሰው ከአባቶቹ ሃይማኖት ወጥቶ ወደ ሌላ በገባ ጊዜ፥ የቀሩት ሰዎች አስቀድመው የሚናገሩት ነገር አንድ ነው። «በስንዴ ተገዛ» ይላሉ። ወይም «ልብስ ሰጡት፥ ልጁን በነጻ አስተማሩለት፥ ሚስት አጋቡት» ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ነገሩን የመረመረ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የመረመረው የወጣውን ሰው ከረጢት ነው እንጂ የወጣበትን ቤት አይደለም። እኛ ግን በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የቤቱን ነገር እንመረምራለን።

ጥቅም ፈልጎ ሃይማኖቱን የሚለውጥ ሰው የለም አንልም፤ አለ። በጋብቻ ምክንያት የሚለውጥም አለ፤ ልጁ ታሞ በጸሎት የዳነለት መስሎት የሚከተልም አለ። መጽሐፍ አንብቦ፥ ሌሊቱን ሁሉ ከሕሊናው ጋር ሲከራከር አድሮ የሚለውጥም አለ፤ እንደዚህ ያለውን ሰው፥ የወጣው ከእኛ ቤት ቢሆን እንኳ፥ ልናከብረው ይገባናል። ነገር ግን በከፋ አገር ብዙ ሰው የማይናገረው አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም መቀመጫ ማጣት ነው።

የከፋ ሰው ለሃይማኖት መለወጥ እንግዳ አይደለም። የጥንቱ ሰው የሰማዩን አምላክ ዬሮ ብሎ ይጠራ ነበር፤ እቆ የሚሉት መንፈስ ያደረበትን፥ አላሞ የተባለውን ሰውም ስለ በሽታና ስለ መከራ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬም የሚጠይቅ አልጠፋም። ክርስትናም ገና በከፋ ነገሥታት ዘመን ገብቶ ነበርና የካፑቺን መነኵሴ የነበሩት አቡነ መስያስ (ጉሊየልሞ ማሳያ) በፈረንጅ ቍጥር በ1859 ወደ ከፋ በደረሱ ጊዜ የክርስቲያን ስም ያለው ሕዝብ አግኝተዋል። እርሳቸውም በ1861 ከአገሩ ተባረሩ። በ1897 የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት እጅ ወደቀ፤ የዘመቻው አለቃም ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያንና የጦር ሰፈር በአንድ ዘመን ተተከሉ። በዚያ ጊዜ የተጠመቀው ሁሉ በፍርሃት ተጠመቀ ማለት ስሕተት ነው፤ ከልቡ ያመነም ነበረ። ነገር ግን ሰውን ገባር ያደረገው ጌታ መስቀል የሚሳለም ሲሆን፥ አገሩም በባሪያ ነጋዴ ሲራቆት፥ ድኃው ስለ መስቀሉ ምን ያስብ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 ነው። ካቶሊካውያን መምህራንም መጡ፤ ወንጌላውያንም ገቡ፤ ይልቁንም ከ1991 ወዲህ በጣም በዙ። እስላሞችም ከጥንት ጀምሮ በንግድ መንገድ ገብተው በአገሩ ይኖራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በከፋ ጫካ ዳርቻ ማንጆ የሚባል ሕዝብ ይኖራል። በነገሥታቱ ዘመን አዳኝ ነበረ፤ የመንግሥቱንም በሮች የሚጠብቅ እርሱ ነበረ። ዛሬ ጥቂት መሬት እያረሰ፥ ከሰልና እንጨት ተሸክሞ ወደ ገበያ ይወጣል። የቦንጋ ሰው ሆይ፥ ቡናህ የሚፈላበት ከሰል ምናልባት በማንጆ ሴት ጀርባ የመጣ ነው። ነገር ግን ያችን ሴት ከቤትህ አስገብተህ በዚያው ከሰል የፈላውን ቡና በአንተ ሲኒ አታጠጣትም።

ማንጆ ጎመሮ ብሎ የሚጠራው ሌላው የከፋ ሰው፥ ማንጆን «ጉሬዛና ከርከሮ ይበላል፥ ርኩስ ነው» ይለዋል። በጥንቱ ሥርዓት ማንጆ በመንገድ ከጎመሮ ጋር ሲገናኝ ከመንገዱ ወጥቶ፥ ጎንበስ ብሎ «ስለ አንተ ልሙት» የሚል ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ከቤት አይገባም፤ ምግብም ቢሰጠው በውጭ፥ በእንሰት ቅጠል ላይ ነው። ሴት ልጅ አይሰጡትም፥ ከእርሱም አይወስዱም። ሲሞትም ከሌላው ጋር አይቀበርም።

በ1975 የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ደርግ ማንጆን በገበሬ ማኅበር ከሌላው ጋር እኩል አባል ነህ አለው። ይህ መልካም ነበረ፤ አዋጅ ግን መሬት ይከፍላል እንጂ ማዕድ አይዘረጋም። እንግዲህ ወንጌላውያን መጥተው «በክርስቶስ ዘንድ ንጹሕና ርኩስ የሚባል ወገን የለም» ብለው በሰበኩ ጊዜ፥ ማንጆ ብዙ ሁኖ ገባ። ወደ ካቶሊካውያን የሄደም ነበረ። ብዙዎቹም የዱር አውሬ ሥጋ መብላትን ተዉ፤ ገላቸውንና ልብሳቸውን አጠቡ፤ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ላኩ። ይህን ሁሉ ያደረጉት በነፍሳቸው ለመዳን ነው፤ ደግሞም እንደ ሰው ለመቈጠር ነው። ሁለተኛውን ፈለጉ ብሎ የፊተኛውን ሐሰት ነው የሚል ሰው፥ ራሱ ተንቆ የማያውቅ ሰው ነው።

ነገር ግን ወንድሞች ሆይ፥ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። ማንጆ በገባበት የጸሎት ቤት አስቀድሞ የነበረው ጎመሮ በብዙ ስፍራ ወጣ፤ አንዳንዱ ወደ ቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ፥ አንዳንዱም ለብቻው ሌላ የጸሎት ቤት ሠራ። እነሆ፥ በአንድ ነገር ሁለት ሰዎች ማኅበራቸውን ለወጡ፤ አንዱ መቀመጫ ፈልጎ ገባ፥ ሁለተኛው ከእርሱ አጠገብ ላለመቀመጥ ወጣ። እንግዲህ በስንዴ የተገዛው ማን ነው? የዱሩን ሥጋ ከተወ በኋላም ንቀቱ ስላልቀረ፥ የንቀቱ ምክንያት ሥጋው እንዳልነበረ ታወቀ። ሥጋው ሰበብ ነበር፤ ምክንያቱ ትውልድ ነው። በፈረንጅ ቍጥር በ2002 በማንጆና በጎመሮ መካከል ደም የፈሰሰበት ጠብ ሆነ። ደም ማፍሰስን አናጸድቅም፤ ነገር ግን ከጠቡ በፊት ለብዙ ዘመን «አቤት» ሲባል የሰማ ብዙ አልነበረም።

ይህ ነገር በከፋ ብቻ የሆነ አይደለም። በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ጥቁር ክርስቲያኖች በነጮቹ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክከው ሲጸልዩ ከጕልበታቸው ሊያስነሷቸው መጡ፤ እነርሱም ጸሎቱ ሲያልቅ በአንድነት ወጥተው አልተመለሱም። ከእነርሱ አንዱ ሪቻርድ አለን በ1794 ቤቴል የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን አቆመ። እነዚህ ሰዎች ክርስቶስን አልተዉም፤ የተዉት ሕንጻውን ነው። በህንድ አገር ግን «አትንኩን» ከሚባሉት ወገን የተወለደው ሊቁ አምበድካር በ1935 በህንዱ ሃይማኖት ውስጥ እንደማይሞት በግልጥ ተናገረ፤ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላም በ1956 በናግፑር ከተማ ከብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ጋር የቡድሃን ሃይማኖት ተቀበለ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ «ቸኰለ» ተብሎ የሚወቀስ ሰው አይደለም። ማንም ሊያስቀረው የወደደ ቢኖር ጊዜ ነበረው።

«እኛ ማንጆን ከቤተ ክርስቲያን አላባረርንም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በበር ቆሞ «ሂድ» ያለው ሰው አነስተኛ ነው። ነገር ግን ሐዋርያው ጴጥሮስም በአንጾኪያ ማንንም አላባረረም። ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር በማዕድ ይቀመጥ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ስለ ፈራቸው ቀስ ብሎ ተለየ። ምንም ቃል አልተናገረም፤ መቀመጫውን ብቻ ለወጠ። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ይህን የማዕድ ጨዋነት ነው ብሎ አላለፈውም፤ የወንጌሉን እውነት የሚያጐድል ነገር መሆኑን አይቶ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ጴጥሮስ ደግሞ ከዚያ በፊት በኢዮጴ፥ ርኩስ የሚላቸው እንስሶች የሞሉበት ጨርቅ ከሰማይ ሲወርድ በራእይ አይቶ ነበርና ነገሩን ያላወቀ ሰው አልነበረም። ያወቀውን በዘመድ ፊት ማድረግ አቃተው እንጂ።

እናንተ ተማሪዎች ሆይ፤ የእናንተም ፈተና ይኸው ነው። በትምህርት ቤት ከማንጆ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጣችሁ ትማራላችሁ፥ በአንድ ደብተር ትጽፋላችሁ። በዕረፍት ጊዜ ወደ አገራችሁ ስትመለሱ፥ እናታችሁ ቡና አፍልታ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲኒ ታቀርባለች፤ ለማንጆው ግን በውጭ፥ በሌላ ዕቃ ትሰጠዋለች። በዚያ ጊዜ እናታችሁን በሰው ፊት አትገሥጹ፤ እርስዋ ይህን ከእናትዋ የተማረች ናት፥ ደግሞም እናት ናት። ነገር ግን ሲኒያችሁን ይዛችሁ ከቤት ውጡ፤ ከሰውየው አጠገብ በመሬት ተቀመጡ፥ ስሙንም ጠይቁት፤ እርሱ በተሰጠው ዕቃ እናንተ ጠጡ፥ በእናንተም ሲኒ እርሱ ይጠጣ። ሽማግሌዎቹ ዝም ይሉ ይሆናል፤ አንዱም «ልጁ አብዷል» ይል ይሆናል። እናታችሁ ሁለተኛውን ቡና ስትቀዳ ሲኒውን እንድትቀበላችሁ ስጧት፤ ከተቀበለችው አመስግኗት፤ ካልተቀበለችውም ራሳችሁ እጠቡት፥ በማግሥቱም በዚያው ሲኒ ጠጡ።